ያልተጫነው ባለ ንስር

መስከረም 18

ለእህቴ ልጅ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንዴት ሰነበትክ? ብርዱ፣ ሥራው፣ ብቸኝነቱ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። ወገቤ አልፎ አልፎ ይሰማኛል፤ እሱም ከመሪ ኋላ መቀመጥ ያመጣው ነው እንጂ እርጅና አይደለም። እርጅና ነው የሚልህ ካለ አትመነው። ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ፤ የምትነዳበትን መንገድ ያቅናልህ።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስፈለገ ትል ይሆናል። ነገሩ ወረቀት የሚፈልግ ሆኖ ነው።

እንደምታውቀው ልጆች ከቤታቸው ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቤታቸው አመላልሳለሁ። ከሰዓት በኋላ ደወሉ እስኪደወል እኛ ባለ ሰርቪሶች ትምህርት ቤቱ በር ላይ ግንቡን ተደግፈን እንቆማለን። ሌላ ወሬ የለንም፤ የትኛው መኪና ነው ከመንገድ የማያስቀር? በዚህ ብቻ ዓመት እናጠፋለን። ሚስቱን የሚያማ ወንድ ሞልቷል፤ መኪናውን የሚያማ ግን እስካሁን አላየሁም። ሁሉም የያዘው ወርቅ ነው። ጋራዥ ስሄድ ግን ወርቆቹን ሁሉ እዚያ ኮፈናቸውን ከፍተው አገኛቸዋለሁ።

ከመካከላችን ማንም ሳይሾመው ፍርድ የሚሰጥ አንድ ሰው አለ፤ ዳኛው እንለዋለን። የሚነዳው ግንባሯ ላይ ጎሽ የተለጠፈባትን ነው። «ጎሽ ማለት» ይላል ኮፈኗን መታ መታ እያደረገ፣ «ዘይት ብትረሳባት እንኳ የማታኮርፍ!» እኔ ደግሞ መለወጥ አለብኝ። ያቺ አንተን መንዳት ያስተማርኩባት አሮጊት አብቅቶላታል። መካኒኩ «እትዬ፣ ከእንግዲህ የሚያስፈልጋት መፍቻ ሳይሆን ጸሎት ነው» ብሎኛል። ዓይኔን የጣልኩት ባለ ንስሯ ላይ ነው። በሯ ሰፊ ነው፣ ወንበሯ ለልጆች ይመቻል። ይህን ስናገር ሳቁብኝ። ዳኛው «ምስክር አምጪ» አለኝ።

«የእህቴ ልጅ ባሕር ማዶ የተበላሸ መኪና ሲጭን ነው የሚውለው። ከሱ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?» አልኩት።

«እንግዲያው በጽሑፍ ይሁን። በስልክ ከሆነ አንቺ ነሽ እንደፈለግሽ የምታወሪልን» አለ።

ስለዚህ ጻፍልኝ። የትኛው ነው የሚታመነው? ዓይንህ ያየውን ብቻ ጻፍ።

ምርቃቴ ካለህበት ይድረስህ።

አክስትህ


ጥቅምት 21

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አክስቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? እርጅና ነው ያለ ሰው እዚህ የለም፤ ቢኖርም ከኔ ጋር ይጣላል። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ የሚጎድለኝ የርስዎ ቁጣ ብቻ ነው።

ጥያቄዎ አኮራኝ። እዚህ ስለ ምንም ነገር ሐሳቤን የሚጠይቀኝ የለም። ስልክ ይደወላል፣ አድራሻ ይነገረኛል፣ ጎታቹን መኪና አስነሥቼ እሄዳለሁ፤ አለቀ። ስደርስ ባለ መኪናው የታመመ ዘመድ እንደሚያስታምም ሰው መኪናው አጠገብ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ «ኧረ እንዲህ አድርጋኝ አታውቅም!» እኔም ሁልጊዜ «ይገባኛል» እላለሁ።

እንግዲህ ምስክርነቴ ይኸው። እዚህ ሥራ ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ባለ ጎሽ ከቁጥር በላይ ጭኛለሁ። ሌላውንም ዓይነት እንዲሁ፤ ትልቁንም ትንሹንም፣ ውዱንም ርካሹንም። ባለ ንስር ግን አንድም ቀን፣ በፈጣሪ ስም እምላለሁ፣ አንድም ቀን ጭኜ አላውቅም። መንገድ ላይ ሲሄዱ በብዛት አያቸዋለሁ፤ ቆመው ግን አይቻቸው አላውቅም።

ይህን ለዳኛው ያንብቡለት። ባለ ንስሯን ይግዙ፤ በኔ ይሁንብዎት።

እጅ ነሥቻለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 9

ለእህቴ ልጅ፣ ለመኩሪያዬ፣

ስምህ በበጎ እንዲነሣ ያደረገ አምላክ ይመስገን። ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ወገቤ ድኗል፤ አዲስ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያመው ወገብ የለም። አዎ፣ ገዝቻታለሁ!

ደብዳቤህን ደወሉ ሳይደወል በሩ ላይ ቆሜ ለሁሉም አነበብኩት። «አንድም ቀን» የምትለዋ ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። መሐላው ላይ ስደርስማ አጨበጨቡ። ዳኛው ብቻ «እስቲ ወረቀቱን» ብሎ ተቀበለኝና አገላብጦ አየው፤ ከጀርባው ምንም ስላጣ መለሰልኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስምህ «ሊቁ» ነው። ጎማ የሚገዛ ሰው እንኳ «ሊቁን ጠይቂልኝ» ይለኛል። እኔም ቀና ብዬ መሄድ ጀምሬአለሁ፤ ትንሽ ጉራም ሳይጨመርበት አልቀረም።

አሁን አንድ ከባድ ነገር ልጠይቅህ። ጭምቱ የምንለው ሰው አለ። ለእያንዳንዷ ቃል ከኪሱ የሚከፍል ይመስል ዝም ብሎ ነው የሚውለው። ሚስቱ ካረፈች ጀምሮ ሁለት ሴት ልጆቹን የሚያሳድገው በአንዲት አሮጌ ባለ ጎሽ ነው። አሮጌ ትሁን እንጂ አስቀርታው አታውቅም። ባለፈው ሳምንት ጠጋ ብሎ «እትዬ፣ እኔም ልለውጥ?» አለኝ። «ምን ትጠብቃለህ!» ልለው ነበር፤ ከዚያ ግን ደነገጥኩ። እኔ ብሳሳት ልጅ የለኝ፣ ራሴን ነው የምጎዳው። እሱ የሚሸጠው መተዳደሪያውን ነው። አሮጌዋን ሊገዛ የተዘጋጀው ዳኛው ራሱ ነው፤ ተጨማሪ መኪና ይፈልጋል። «የእህቴ ልጅ ይድገምልኝ፤ እስከዚያ አትሽጥ» ብዬ አቆይቼዋለሁ።

በየቀኑ በዓይኑ ይጠይቀኛል። ቶሎ ጻፍልኝ፤ አንድ መስመርም ቢሆን ይበቃል።

አክስትህ


ጥር 26

ይድረስ ለምወድዎት አክስቴ፣

እንደምን ከረሙ? እኔ ደህና ነኝ። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በረዶው ከብዶ ሥራ በዝቶብን ነው የከረመው።

ስለ ባለ ንስሯ የጠየቁኝን በተመለከተ፣ ጥሩ መኪና ነው ሲሉ እሰማለሁ። መቼም መኪና እንደ ሰው ነው፤ አያያዝ ይፈልጋል። ሰውየው ራሱ ቢያስብበትና በራሱ ቢወስን ይመረጣል። አሮጌዋስ ይህን ያህል ምን ሆነች?

የርስዎ እንዴት እየሄደች ነው? የሚያስቸግርዎት ነገር ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ይጻፉልኝ። ሰዎቹ ደግሞ ሊቁ ባይሉኝ ደስ ይለኛል። አንድ ሾፌር ነኝ።

ለወገብዎ የሚሆን ትራስ ልኬአለሁ።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 11

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህን ያብዛልህ። ትራሱ ደርሷል፤ ይመቻል፤ እጅህ ይባረክ።

እስቲ አንድ ነገር ፈልግልኝ። የባለ ንስር ካምቢዮ እዚያ ይገኛል ወይ? ያገለገለም ቢሆን ግድ የለም። ለኔ አይደለም፤ ለጭምቱ ነው። ደብዳቤህ እንደ ደረሰ አሮጌዋን ሸጦ ባለ ንስር ገዝቶ ነበር። የኔን በመሰለች መኪና ሁለት ሳምንት ነዳ። ከዚያ ትልቁ ዳገት ላይ ቆመችበት። እንደ ወጋችን ልጆቹን ተካፍለን አደረስናቸው፤ አንድም ልጅ አልተጎዳም። መካኒኩ ካምቢዮውን ከፍቶ አየና እንደገና ዘጋው። መለዋወጫ እዚህ የለም። መኪናዋ ደጁ ላይ ሸራ ለብሳ ቆማለች።

እሱ አሁን ለዳኛው ተቀጥሮ ይነዳል። የሚነዳት ያችኑ የሸጣትን አሮጌ ባለ ጎሽ ናት። ዳኛው ክፉ ሰው አይደለም፤ አዝኖለት ነው የቀጠረው። እንዲያውም ስለ መኪና መከራከሩን ትቷል። እሱም ቢከራከር ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

የኔ አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረችኝም። ጠዋት ቁልፉን ስነካው በመጀመሪያው ትነሣለች። በሩ ላይ ከጭምቱ ጎን ቆሜ ሳስነሣት በሀፍረት የምገባበት ይጠፋኛል። «ምነው ለአንድ ቀን እንኳ እንቢ ባለችኝ!» እላለሁ። እሱ ግን «እንዴት አደርሽ እትዬ» ይለኛል እንደ ድሮው። ሰላምታው ነው የሚያንገበግበኝ። ቢሰድበኝ መልስ ነበረኝ።

ካምቢዮውን ፈልግ። ስታገኝ ንገረኝ።

አክስትህ


ሚያዝያ 20

ይድረስ ለአክስቴ፣

ጤናዎን ይስጥልኝ። ከዚህ በላይ ሰላምታ ለመጻፍ ፊት የለኝም።

ካምቢዮ አላገኘሁም። ያላገኘሁበትን ምክንያት ስነግርዎት ሌላውንም መናገር ሊኖርብኝ ነው። ዝም አይነቅዝም እያልኩ ራሴን ሳታልል ከረምኩ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ «ቶሎ ጻፍልኝ» ያሉኝ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ እያለ፣ ከሌላ ጫኝ ድርጅት የመጣ ሾፌር እኛ ጋ ተቀጠረ። ሻይ እየጠጣን «ባለ ንስር የሚባል አይበላሽም፤ ለዘመዶቼም መስክሬአለሁ» ብዬ ጉራዬን ስነዛ ሻዩ ትን አለው። «እኔ ከሱ ሌላ ምን ጭኜ አውቃለሁ?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለ ንስር ሻጮች የራሳቸው ጫኝ መኪኖች አሏቸው። መኪና ሲሸጡ መስታወቱ ላይ የራሳቸውን ስልክ ለጥፈው ነው የሚሰጡት። የተበላሸበት ሰው እኛ ጋ አይደውልም፣ እነሱ ጋ ነው የሚደውለው። እነሱም ሸራ የለበሰ መኪና ይዘው መጥተው ውስጥ ከተው ይወስዱታል። እኔ ያላየሁት ስለማይበላሽ አልነበረም። ወደኔ ስለማይደወል ነው። ይህን ሳላጣራ በፈጣሪ ስም ማልኩልዎ።

በዕረፍት ቀኔ ሾፌሩ የነገረኝ የሻጮቹ ግቢ ድረስ ሄድኩ። በግንቡ በር ሾልኬ ስመለከት የተበላሹት ባለ ንስሮች ጎን ለጎን ተደርድረው ግቢው ጠቧቸዋል። ወደ ቤቴ ስመለስ ያንኑ ቀን ልጽፍልዎ ወረቀት አውጥቼ ነበር። «አጨበጨቡ» ያሉትን መስመር ደግሜ አነበብኩት። እዚህ ማንም አጨብጭቦልኝ አያውቅም አክስቴ። ሊቁ መባሉ ጣፍጦኝ ነበር። ነገ እጽፋለሁ እያልኩ ጥር ገባ። ስጽፍም «ሲሉ እሰማለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ሰውየው በራሱ ይወስን ያልኩት አስቤለት እንዳይመስልዎ። እሱ ከወሰነ በኔ አይመጣም ብዬ ነው። ስሙን እንኳ በማላውቀው ሰው ላይ እንዲህ አደረግሁ፤ አፍራለሁ።

ካምቢዮውን ፍለጋ እዚያው ግቢ ተመልሼ ነበር። መደርደሪያው ሙሉ ነው። ሁሉም የተሰበሩት በአንድ ቦታ፣ ያው አንድ የማርሽ ጥርስ ላይ ነው። ደህና የለም። እና አክስቴ፣ የርስዎም ውስጥ ያለው እሱው ነው። እስካሁን ስላልተሰበረ ነው እንጂ ሌላ ዓይነት ስለሆነ አይደለም። እባክዎ ልጆች ጭነው ዳገት አይውጡባት።

ይህንንም እንደ መጀመሪያው ቆመው ያንብቡላቸው።

የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 4

ለእህቴ ልጅ፣

እንዴት ነህ? እኔ በጤና አለሁ። መኪናዋን አቁሜአታለሁ፤ ልጆቹን ጭምቱ ይወስዳቸዋል፤ ስለዚህ በኔ በኩል አትስጋ። አሁን የምጽፍልህን እስከ መጨረሻው አንብበው።

ደብዳቤህ እንደ ደረሰኝ ተቆጣሁ። ወረቀቱን ጨምድጄ ወለሉ ላይ ወረወርኩት። እዚያው ቆሜ ከእናትህ ጀምሬ እስከ ራሴ ሰደብኩህ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲሉ አልሰማህም? ዝም አይነቅዝም ብለሃል፤ ይኸው ነቀዘ! ከዚያ ወረቀቱን አንሥቼ በእጄ አቃናሁት፤ ለጭምቱ ማንበብ ነበረብኝ።

በማግስቱ አሮጌዋ ባለ ጎሽ ውስጥ ከጎኑ ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። መሪውን በጨርቅ እየወለወለ አዳመጠኝ። ስጨርስ ያንተን በደል አስቀድሜ የኔን ላሳንስ እንደፈለግሁ ሳይገባው አልቀረም።

«እትዬ» አለኝ፣ «የመጀመሪያውን ደብዳቤስ መች አዳመጥኩት? እኔ የገዛሁት አንቺን አይቼ ነው።»

 በጥር ወር ደብዳቤህ «ሲሉ እሰማለሁ» ብለሃል። እኔ ለሱ ስነግረው «ጥሩ መኪና ነው ብሏል» አልኩት። ቀሪዋን ዋጥኳት። ለምን እንደዋጥኳት አውቃለሁ፤ ዳኛው አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ የተሸነፍኩ እንዳይመስለው ነው። ይህንንም ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ያን ቀን ዳገቷ ላይ የሱ ባለ ንስር ወደ ኋላ ተንሸራታ ከግንብ ጋር ተላትማ እንደ ቆመች ላንተ አልጻፍኩልህም ነበር። ያኔ ውስጧ ልጆች ነበሩ፤ ታናሿ ልጁም ነበረች። እሱ ግን ይህን አንድ ቀን እንኳ አንሥቶብኝ አያውቅም።

«እኔን ተዪኝ» አለኝ። «ይልቅ ለልጆቹ እናቶች ነገርሻቸው?»

«እነግራቸዋለሁ» አልኩት።

አልነገርኳቸውም። እውነቱን ልንገርህ፣ ደብዳቤህን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ ልጆቹን መጫኔን ቀጠልኩ። ነገ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ነገ ሲመጣ አንዷ እናት ልጇን አቅፋ ታስገባልኝና «ባንቺ እኮ ነው እፎይ ያልኩት» ትለኛለች፤ እኔም በሩን ዘግቼ እነሣለሁ። ትምህርት ሊዘጋ ትንሽ ነው የቀረው፣ እስከዚያ በቀስታ እነዳለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ዳገቷን እየሸሸሁ በዙሪያው መንገድ ሄድኩ። ልጆቹ «ዛሬም በዚህ ነው?» ሲሉኝ «አዲስ ነገር እንድታዩ ነው» እላቸዋለሁ። እየዘፈኑ ይሄዳሉ፤ እኔ ግን ጆሮዬ ካምቢዮው ላይ ነው። ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ላብ ያጠምቀኛል። ጭምቱ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ እትዬ» ይልና ዓይኑን ወደ ልጆቹ ይመልሳል። 

ትናንት ከሰዓት በኋላ ነገሩ ከበደኝ። ልጆቹ ሲወጡ ቦርሳቸውን ወንበር ላይ ቢወረውሩም እነሱን አላስገባኋቸውም። ሊወስዷቸው የመጡትን እናቶች ጠራሁ፣ የቀሩትን በስልክ አስመጣሁ፤ ባለ ሰርቪሶቹም ተሰበሰቡ። ደብዳቤህን አውጥቼ አነበብኩላቸው። ቀስ ብዬ ስጀምር «ከፍ አድርጊው» ተባልኩ፤ ከፍ አደረግሁት። ስላንተም ስለኔም ያለውን አንድ ቃል አላስቀረሁም።

ማንም አልጮኸብኝም። መድኃኒት ቤት የምትሠራ አንዲት እናት ግን እጇን ዘረጋችና ወረቀቱን ተቀበለችኝ። አላነበበችውም። ከላይ ያለውን ቀን ብቻ አየችና ቀና አለች።

«ይሄ መቼ ነው የደረሰሽ?» አለችኝ።

ዳኛውን አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል። ፖስታ ቤቱ አዘገየው ልል ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ ማን ያውቅብኛል?

«ሦስት ሳምንት ሆኖታል» አልኩ።

የልጇን ቦርሳ ከመኪናዬ ወንበር ላይ አነሣች፤ የልጇን እጅ ያዘች፤ ወደ ጭምቱ መኪና ሄደች። ሌሎቹም ተከተሏት። እኔ የመኪናዬ በር እንደ ተከፈተ እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ ሁሉም እያየኝ።

የእህቴ ልጅ፣ ይቅር ያልኩህ ያኔ ነው።

አክስትህ